የፒያሳ ፎቅ ለማን ነው የሚሠራው?

ባለፈው ሰሞን ሱሪ ላሳጥር እዚሁ ጎንደር ፒያሳ ወጣሁ። ልብስ ሰፊዬ ድሮ መንገድ ዳር ነበር፤ በረንዳ ላይ መኪናውን ዘርግቶ ከአላፊ አግዳሚው ጋር ሲቀልድ የሚውል ሰው ነው። ቤቱ ፈረሰና አሁን አንድ አዲስ ሕንፃ ላይ ሦስተኛ ፎቅ ገብቷል። ስደውልለት "ና ውጣ" አለኝ። ወጣሁ። ለሊፍት የተተወው ቀዳዳ በቆርቆሮ ተከድኗል። ደረጃው ላይ ቢጫ ጄሪካኖች ተደርድረዋል። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ከስምንት በሮች ክፍት ሆነው ያየሁት ሁለቱን ነው፤ አንዱ ፎቶ ኮፒ ቤት፣ አንዱ የሴቶች ፀጉር ቤት። ሌሎቹ መስታወት ላይ "የሚከራይ" የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ወረቀቱም ፀሐይ በልታው ቢጫ ሆኗል።

ላይ ስደርስ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ሳቀብኝ። "አንተ እንዲህ ከሆንክ እናትህን የሚያህሉ ደንበኞቼ ምን ይሁኑ?" አለኝ።

ይቺ ነገር ከዚያ ቀን ጀምሮ ከአእምሮዬ አልወጣ አለች። ከተማችን እየተሠራች ነው። መንገዱ እየሰፋ፣ የእግረኛው መሄጃ እየተነጠፈ፣ አሮጌው ቤት እየፈረሰ፣ በቦታው ባለ አራትና ባለ አምስት ፎቅ እየቆመ ነው። ጥሩ። ግን ይሄ ሁሉ ፎቅ ለማን ነው? ማን ሊገባበት? ብዙዎቻችን የምንከራከረው "ልማት ይሻላል ወይስ ቅርስ" እያልን ነው። እኔ ግን ከዚያ በፊት የሚመጣ ተራ የሒሳብ ጥያቄ ያለ ይመስለኛል። ፒያሳ ላይ የሚያበላው ምድሩ ነው። ላይኛው ጦሙን ያድራል። እኛ ደግሞ ደጋግመን የምንሠራው ላይኛውን ነው።

መጀመሪያ የተሠራውን ላለመካድ ያህል ጥቂት ልበል። የኮሪደር ልማት የሚባለው ሥራ በ2016 አዲስ አበባ ላይ ሲጀመር፣ የዚያኛው ፒያሳ በሳምንታት ውስጥ ሲፈርስ ሁላችንም በስልካችን አይተናል። ከዚያ ወደ ክልል ከተሞች ወረደ፣ ጎንደርም ደረሰ። የአብያተ መንግሥቱ እድሳትም በዚሁ ጊዜ ውስጥ የተሠራ ነው። እውነት ለመናገር፣ ማታ መብራት በርቶ በግንቡ ሥር ከልጆች ጋር በእግር መሄድ ድሮ ያልነበረ ደስታ ነው። ድሮ እኮ እግረኛ ከባጃጅ ጋር እየተጋፋ፣ ክረምት ላይ ጭቃ እየዘለለ ነበር የሚሄደው። ይሄን የሚያጣጥል ሰው ካለ በዝናብ ፒያሳን በእግሩ አቋርጦ የማያውቅ ነው።

ችግሩ ያለው ከመንገዱ ጠርዝ ወዲያ ነው። ከእግረኛው መሄጃ ጀርባ የሚቆመው ነገር ላይ።

ለምን እንደዚያ እንደሆነ ለመረዳት ፒያሳ እንዴት እንደተሠራች ማወቅ ይጠቅማል። ጎንደር ብዙ ጊዜ ፈርሳ የተሠራች ከተማ ናት። አፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ግድም በቀሃና በአንገረብ መካከል ባለው ጉብታ ላይ ከተማቸውን ሲቆረቁሩ ግንቡን ብቻ ነው በድንጋይና በኖራ ያቆሙት ማለት ይቻላል፤ ሕዝቡ በዙሪያው እንደየሥራውና እንደየእምነቱ ሰፈረ። እጨጌ ቤት፣ አቡን ቤት፣ እስላም ቤት፣ ካይላ ሜዳ፣ ቀኝ ቤት የሚሉት ስሞች የዚያ ዘመን ትዝታ ናቸው። ቤቱ ግን ባብዛኛው ቀረ። በ1859 አፄ ቴዎድሮስ ከተማዋን ዘርፈው አቃጠሏት፣ በ1880 ደግሞ ድርቡሽ ደገማት። (ከተማዋን ያቃጠሉት ንጉሥ ሐውልት ዛሬ መሀል ፒያሳ መቆሙ ለእኔ የጎንደርን ጠባይ የሚያሳይ ነገር ነው። ቂም አንይዝም፤ ወይም ቃጠሎውን ከጀግንነቱ ለይተን እናያለን። ይሄ እንኳ ሌላ ጽሑፍ ይሆናል።)

ከዚያ ጣሊያን መጣ። ከ1928 እስከ ኅዳር 1934 ድረስ ጎንደር የአማራ ግዛት ብለው ለከለሉት ዋና ከተማ ነበረች። በምሥራቅ አፍሪካ የመጨረሻው የጣሊያን ምሽግም እዚሁ ነው የወደቀው። ጌራርዶ ቦዚዮ የሚባል አርክቴክት ፕላን አወጣላት፤ ዛሬ ፒያሳ የምንለው ቦታ፣ ከላይ ፖስታ ቤቱ፣ ወደ ታች ደግሞ ወደ ግንቡ የሚወርደው የሱቅ መስመር፣ የዚያ ፕላን ልጅ ነው። ቅኝ ገዢ ነውና ለእኛ ብሎ አልሠራውም። ፕላኑ ነጩንና ጥቁሩን ለይቶ የሚያሰፍር ነበር። ይሄን እያወቅን ሕንፃዎቹን ግን አንድ ጊዜ ጠጋ ብላችሁ እዩዋቸው። አብዛኞቹ ከአንድ ወይም ከሁለት ፎቅ አይበልጡም። ታች ሱቅ፣ ላይ መኖሪያ። ማዕዘኑ ክብ ተደርጎ ይዞራል። ዝናብ ሲመጣ የሚያስጠልል በረንዳ አለ። አንድ ደረጃ ወጥተህ ቤትህ ነህ። ላይ ያለው ሰው መስኮት ላይ ሆኖ ታች ያለውን ልጅ ይጠራል፤ ልጁ ይሰማል።

ያ ከፍታ በአጋጣሚ የመጣ አይደለም፤ ደረጃ በእግር የሚወጣበት፣ ውኃ በሸክም የሚወጣበት ዘመን ልክ ነው። የሚገርመው ዛሬም ፒያሳ ላይ ደረጃ በእግር ነው የሚወጣው፤ ውኃም ብዙ ቀን በሸክም ነው የሚወጣው።

ታዲያ እነዚያ ቤቶች ለምን አረጁ? ይሄን ስንጠይቅ ብዙ ጊዜ ጥፋቱን በነዋሪው ላይ እንለጥፋለን፤ "አላደሱም፣ ጠገኑ፣ ቆርቆሮ ቀጠሉ" እንላለን። ነገሩ ወዲህ ነው። በ1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። መሀል ከተማ ያለው ቤት በብዛት የቀበሌ ወይም የኪራይ ቤቶች ሆነ። ኪራዩ እዚህ ግባ የማይባል ነው፤ በዚያ ኪራይ ቀበሌው ማደስ አይችልም። ተከራዩ ደግሞ የራሱ ባልሆነ ቤት ላይ ለምን ገንዘቡን ያፈስሳል? አምሳ ዓመት ማንም ሳይነካው ቆየ። ቤቱ ያረጀው ባለቤት በማጣት ነው። የጎደለውን ሳናይ "አሮጌ ስለሆነ ይፍረስ" ስንል በሽታውን ትተን በሽተኛውን እየቀበርን ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ ልግባ፤ ይሄ ነው የዚህ ጽሑፍ ዋና ነገር።

እንበልና ፒያሳ ዳር 200 ካሬ ቦታ አለህ። ባለ አራት ፎቅ ልትሠራ ነው። ምድሩ ላይ አምስት ስድስት ሱቅ ይወጣልሃል። እነዚያ ሱቆች ቀለም ሳይቀቡ ተከራይ ተሰልፎላቸዋል፤ ደላላው ራሱ ይደውልልሃል። አንደኛው ፎቅ ላይ ካፌ ወይም ባንክ ካገኘህ ተመስገን ነው። ሁለተኛው ላይ ክሊኒክ፣ ፀጉር ቤት፣ የሒሳብ ባለሙያ ቢሮ ይመጣ ይሆናል። ከዚያ በላይስ? ከዚያ በላይ ዝምታ ነው። የእኛ ሰው ለአንድ ሜትር ጨርቅ ሦስት ፎቅ አይወጣም። ሱቅ በእኛ አገር የሚገዛው በዓይን ነው፤ ሲያልፉ አይተው፣ ቆም ብለው፣ ዋጋ ጠይቀው፣ ሄደው፣ ተመልሰው። ይሄ ደግሞ ምድር ላይ ብቻ ነው የሚሆነው።

ወጪው ግን እንደ ገቢው አያዳላም። አራተኛው ፎቅ የሚፈልገው ፌሮና ሲሚንቶ ከመጀመሪያው አያንስም፤ እንዲያውም አሸዋውን ላይ ለማውጣት የሚከፈለው ጉልበት ይጨምራል። በዚያ ላይ አራት ፎቅ ለመሸከም መሠረቱ ይጠልቃል፣ ኮለኑ ይወፍራል፣ መሠረቱ በጠለቀ ቁጥር ብሩ ከመሬት በታች ይቀበራል። ስለዚህ ባዶ የሚቀረው ፎቅ የራሱን ወጪ ብቻ አይደለም የሚያመጣው። ምድሩንም ያስወድደዋል።

ይሄ ወጪ ከየት ይመለስ? ከሚከራየው ነዋ። ከምድሩ። ባለ ሕንፃው የአራት ፎቅ ዕዳ በስድስት ሱቅ ላይ ይጭናል። ያን ኪራይ የሚችለው ማን ነው? ባንክ፣ የስልክ መደብር፣ ወርቅ ቤት፣ የሞባይል ገንዘብ ወኪል። በርበሬ ሻጯ አትችለውም። ጫማ ጠጋኙ አይችለውም። ጥበብ ሻጩ፣ መጽሐፍ ሻጩ፣ ቡና አፍልታ የምትሸጠዋ እትዬ አይችሉትም። ወይ ወደ ላይ ይወጣሉ፣ ወይ ወደ ዳር ይሄዳሉ፣ ወይ እዚያው አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ላስቲክ ዘርግተው ደንብ አስከባሪ ሲመጣ ጠቅልለው ይሮጣሉ። ከዚያ "የጎዳና ንግድ በዛ" ብለን እንገረማለን። የጎዳና ንግዱ የበዛው ምድር የነበረው ሱቅ ስለጠፋ ነው።

"ታዲያ ባለሀብቱ ሞኝ ነው እንዴ? ባዶ እንደሚቀር እያወቀ ለምን ይሠራል?" የሚል ይኖራል። ሞኝ አይደለም። እንዲያውም በራሱ በኩል ትክክል ነው።

አንደኛ፣ ብዙ ከተሞቻችን ውስጥ መሀል ከተማ ላይ ከዚህ ፎቅ በታች መሥራት አይቻልም የሚል የፕላን መስፈርት የተለመደ ነው። ሁለት ፎቅ የሚበቃው ሰው አራት ካልሠራ ቦታውን ለሚችል እንዲለቅ ይገደዳል። ሁለተኛው ነገር ብሩ ነው። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከመቶ ተሻገረ። ፌሮው፣ መስታወቱ፣ ፓምፑ፣ ሊፍቱ ሁሉ አብሮ ወጣ። ይሄን ያየ ሰው ብር በእጁ ማቆየት አይፈልግም። ባንክ ተቀምጦ ከሚሟሽሽ ኮንክሪት ይሁን ይላል። ስለዚህ ያ ባዶ ፎቅ የሚከራይ ቤት አይደለም፤ ወደ ሲሚንቶ የተቀየረ የቁጠባ ደብተር ነው። ተከራይ ቢመጣ ጥሩ፣ ባይመጣም ዋጋው አይሞትም። ነገ ደግሞ ለብድር መያዣ ይሆናል።

ብድሩም ቢሆን እንደ ድሮው አይደለም። ብሔራዊ ባንክ ነሐሴ 2015 ላይ የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ገደበ፤ በኋላ ደረጃ በደረጃ ከፍ አደረገው። ግማሽ ላይ ብድር ጠብቆ የነበረ ሰው ግማሽ ላይ ቀረ። በሌላ በኩል በ2004 የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 የግንባታ ጊዜ ያስቀምጣል፤ ለአነስተኛ ግንባታ 24 ወር፣ ለመካከለኛ 36፣ ለከፍተኛ 48። ቀኑ ሲያልፍ ቦታው ሊነጠቅ ነው። እና ሰውየው ምን ያደርጋል? አጽሙን ያቆማል። ኮለንና ስላብ፣ ከላይ ወደ ሰማይ የተቀሰረ ፌሮ፣ ዙሪያውን የባሕር ዛፍ መወጣጫ። "ግንባታ ላይ ነኝ" ለማለት ያህል። ከተማችንን ዞር ዞር ብላችሁ እዩ። መወጣጫው ዝናብና ፀሐይ እየተፈራረቀበት ግራጫ የሆነ ሕንፃ ስንት ነው? አንዳንዱ ላይ ወፍ ጎጆ ሠርታለች። ቢያንስ እሷ ገብታበታለች።

እዚህ ላይ ጸጥታውን ሳልጠቅስ ብቀር የማላውቅ ይመስላል። ሰሜኑ ከደረሰበት ጦርነትና አሁንም ካልበረደው ግጭት ጋር ቱሪስቱ ርቋል። ፎቁ ሲታሰብ ላይኛው ሆቴል፣ ፔንሲዮን ይሆናል ተብሎ የታሰበበት ብዙ ነው። እንግዳ ለጥምቀት ብቻ ይመጣል፤ ለጥምቀት ሳምንት የሚሞላ ክፍል ደግሞ ዓመቱን ሙሉ የባንክ ወለድ አይከፍልም። ይሄ የአርክቴክቱም የማዘጋጃ ቤቱም ጥፋት አይደለም። ግን ፕላን ሲወጣ ደጉን ቀን ብቻ አስቦ መሆን የለበትም።

ውኃ። ይሄን ነገር በሁለት ቃል ማለፍ አልችልም፤ ጎንደር የሚኖር ሰው ይረዳኛል። ከተማዋ ለዓመታት የኖረችው በአንገረብ ግድብ ነው። አንገረብ በደለል እየተሞላ፣ ሕዝቡ እየበዛ መጣ። በ1999 የሕዝብ ቆጠራ 207,044 ነበርን፤ ከዚያ ወዲህ ከተማዋ በየአቅጣጫው ምን ያህል እንደሰፋች ለማየት የማራኪን ሰፈር ወይም የአዘዞን መንገድ መመልከት ይበቃል። ተስፋ የተጣለበት የመገጭ ግድብ ከተጀመረ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። እስከዚያ ውኃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ምድር ቤት ላይ በሌሊት ቢመጣ ባልዲ ትደቅናለህ። አራተኛ ፎቅ ላይስ? ግፊቱ አይደርስም። ጣሪያው ላይ ሮቶ ታስቀምጣለህ፣ ለሮቶው ፓምፕ ትገዛለህ፣ ለፓምፑ መብራት ያስፈልግሃል፣ መብራቱ ደግሞ ራሱ ፈረቃ ነው። ወይ ቦቴ ትጠራለህ። እኔ ያየሁት ሕንፃ ላይ ሮቶ ነበር፤ ጄሪካኖቹም ነበሩ። ሁለቱ አብረው ካሉ ሮቶው ጌጥ ነው ማለት ነው። መጸዳጃ ቤቱ በቁልፍ ተዘግቶ ቁልፉ ከታች ካለው ጥበቃ ጋር ነው። እዚህ ላይ ክሊኒክ ልክፈት የሚል ሐኪም ምን ዓይነት ልብ አለው?

የጎርፉም ነገር እንደዚያው ነው። ከተማችን ጀርባው ከፍ ያለ ጉብታ ላይ ስለሆነች የክረምቱ ውኃ ወደ ሁለት ይከፈላል፤ ወደ ቀሃና ወደ አንገረብ። ፊት ግቢ የነበረው አፈር፣ ጓሮ የነበረው ጎመን የተወሰነውን ይጠጣው ነበር። አሁን ጓሮው ሁሉ ስላብ ሆነ። ውኃው በአንድ ጊዜ ወደ ቱቦው ይመጣል። ቱቦው የሚለካው ከላይ ስንት ጓሮ እንደጠፋ ተቆጥሮ ካልሆነ፣ ያማረው ንጣፍ ነሐሴ ላይ ወንዝ ይሆናል፤ ውኃው መጨረሻ ላይ የሚያርፈው ደግሞ ፒያሳ ላይ ሳይሆን ወደ ወንዙ ዳር ያለው ደሀ ቤት ውስጥ ነው።

ስለ ግንቡ ደግሞ። የፋሲል ግቢ በ1972 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ 900 ሜትር በሚሆን አጥር ተከቧል። ብዙ ሰው አጥሩን ካልነካን ቅርሱን አልነካንም ብሎ ያስባል። ነገር ግን ግንቡ የተሠራው እንዲታይ ነው። ንጉሡ ከሰገነቱ ከተማውን ያያል፣ ከተማውም ከየትም ሆኖ ግንቡን ያያል። ዛሬ ከፒያሳ ወደ ታች ስትወርድ፣ ከጎሃ ኮረብታ ላይ ቁልቁል ስታይ፣ ያ ማማ ብቅ ሲል ልብህ የሚሞቀው ለዚያ ነው። ከግንቡ ከፍ ባለው መሬት ላይ የሚቆም ባለ አምስት ፎቅ፣ ስድስት ሜትር ርቀት ላይ ይሁን ስድስት መቶ፣ ሰማያዊ መስታወት ካለበሱት ማማውን ይውጠዋል። አጥሩ ሳይነካ ቅርሱ ይነካል ማለት እንዲህ ነው።

ደግሞ ከግንቡ ራሱ የምንማረው አለ። ከጣሊያን ጊዜ ጀምሮ ግንቡ ሲጠገን ሲሚንቶ ገብቶበት ነበር። ሲሚንቶ ፈጣን ነው፣ ጠንካራ ይመስላል። ኖራ ላይ ግን አይስማማም፤ እርጥበቱን አፍኖ ድንጋዩን ይጎዳል። በኋላ ያንን ሲሚንቶ ፍቆ በኖራ መተካት የግድ ሆነ። ሁለት ጊዜ ሥራ። ፒያሳን አሁን በምንሠራበት ፍጥነት ስሠጋ የሚታየኝ ያ ሲሚንቶ ነው።

"ታዲያ ወደ ጎን እንስፋ? የገበሬውን መሬት እንብላ?" የሚለውን ሙግት አውቀዋለሁ፤ ከማከብራቸው ሰዎችም ሰምቼዋለሁ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ከተማ ጥቅጥቅ ማለት አለበት፤ አዘዞና ጠዳ ድረስ እየተሳበ መብራትና ውኃ ማዳረስ ከፎቅም በላይ ውድ ነው። ግን ጥቅጥቅ የሚለው በሰው ነው እንጂ በስላብ አይደለም። ሰው የሌለበት አራተኛ ፎቅ ማንንም አላስጠጋም፤ የገበሬውንም መሬት አላዳነም። በአንፃሩ በዚያው 200 ካሬ ላይ ታች ሱቅ፣ ላይ ሁለት ፎቅ መኖሪያ ብትሠራ ሦስቱም ይሞላሉ። መኖሪያ ደግሞ እንደ ሱቅ አይደለም። ሰው ለቤቱ ሲሆን ሁለት ፎቅ ይወጣል፤ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ላይ ያለ ሊፍት አራተኛ ፎቅ የሚኖሩ ሰዎች አሉ አይደል? መሀል ከተማ የሚኖር ሰው ሲኖር ደግሞ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ፒያሳ ጭር አትልም። አሁን መብራቱ አለ፤ የሚያበራለት ሰው ነው የጠፋው። ረጃጅሙን ሕንፃ የግድ ካልን ቦታ አለው፤ ማራኪ በኩል ዩኒቨርሲቲው ያለበት አለ፣ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው የሚወስደው መንገድ አለ። ከማማው ጋር የማይጋፋበት ቦታ ሞልቷል።

የነባሩ ነዋሪ ጉዳይ ላይ ብዙ የሚያስቆጣ ነገር መጻፍ ይቻል ነበር። እኔ ግን ሕጉ ውስጥ ያለችን አንዲት ነገር ማንሳት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚያውቃት አይመስለኝም። በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161፣ ያው መሬት ለሕዝብ ጥቅም ሲወሰድ ካሳ የሚወስነው፣ ቦታው መልሶ የሚለማ ከሆነ ነባር ባለይዞታዎች በፕላኑ መሠረት ራሳቸው የማልማት ቅድሚያ መብት እንዳላቸው ይናገራል። በግልም፣ በቡድንም። ይቺ "በቡድን" የምትለዋ ቃል ወርቅ ናት። አራት ጎረቤት፣ እያንዳንዱ 60፣ 70 ካሬ ይዞ ለብቻው ምንም የማይሠራ፣ ተጋግዞ አንድ ባለ ሁለት ፎቅ መሥራት ይችላል ማለት ነው። ታች አራቱም ሱቃቸውን ይዘው ይቀራሉ፤ ላይ አራቱም ይኖራሉ፤ የቀረውን ያከራያሉ።

ወረቀት ላይ እንዲህ ነው። በተግባር ግን ቡድኑ ባንክ ሲሄድ "መያዣ" ይባላል፣ ፕላን ክፍል ሲሄድ "ዝቅተኛው ፎቅ ይሄን ያህል ነው" ይባላል፤ አቅም እንደሌለው ተቆጥሮ ቦታው አቅም ላለው ይሄዳል። አቅም ያለው ሰው ደግሞ አጽሙን ያቆማል። ዕቁብ የሚጥል፣ ዕድር ያለው፣ ማኅበር የሚጠጣ ሕዝብ ተሰብስቦ ሕንፃ መሥራት አይችልም ብሎ መደምደም ራሱ ያስቃል። መንግሥት የሚጎድለው ገንዘብ ላይ ዋስትና ቢሰጥ፣ ዝቅተኛውን የፎቅ ቁጥር ፒያሳና ግንቡ አካባቢ አንስቶ በምትኩ ከፍተኛውን ቢወስን፣ ፈቃድ ሲሰጥ "ስንት ፎቅ?" ከማለት በፊት "ውኃው ስንተኛ ፎቅ ይደርሳል?" ብሎ ቢጠይቅ ግማሹ ነገር ይስተካከላል። የቀበሌ ቤት ተከራዩን ደግሞ በካርታ ስለሌለ ብቻ እንደሌለ መቁጠር ይቁም። አምሳ ዓመት ፒያሳን ፒያሳ ያደረጋት እሱ ነው። ሌሎቻችን ለቡናና ለገበያ ነው የምንመጣው።

ባለፈው ቅዳሜ ሱሪዬን ልወስድ ተመለስኩ። ሕንፃው ሥር ቆሜ ደወልኩ። "እንዳትወጣ፣ ቆይ" አለኝ። ቀና ብዬ ሳይ ከሦስተኛው ፎቅ መስኮት ላይ እጁ ወጣ። ጥቁር ፌስታል በሲባጎ አስሮ ቀስ እያደረገ አወረደልኝ። ሱሪው ውስጥ ነው። ብሩን ፌስታሉ ውስጥ ከተትኩለት፣ ሲባጎውን ሁለቴ ሳብ አደረግኩ፣ ፌስታሉ ወደ ላይ ሄደ። አጠገቤ የቆመች ሴት ቀሚስ ይዛ ተራዋን ትጠብቃለች።